ጫካ የመግባት ዕቅድ

መምህር ኢሳይያስ ዕቅዱን ይዞ እኔ ጋ የመጣው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዝናብ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናቡ አበቃ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ነገር ፈላጊ ነው። ስድስት ገጽ በእጅ የተጻፈ ወረቀትና ሁለት ካርታ ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ከጽሕፈት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠና፣ እጁን ከላዩ ሳያነሣ፣ «እህቴ፣ እንዳለ ታይፕ አድርጊልኝ። አንድ ፊደል አትንኪብኝ» አለኝ።

እሱ የአገሩ ተወላጅ፣ ቤንች፣ በትምህርት ቤታችንም የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እኔ ታይፒስት። አንድ ፊደል አትንኪ ያለበትን ምክንያት ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከወር በፊት ለስድስተኛ ክፍል ያወጣውን ፈተና ስጽፍለት፣ «ቅልጥ አለት» የሚለውን «ቅልጥ አለ» አድርጌው ነበር። ቅልጥ አለት ማለት ከመሬት ሆድ እየነደደ የሚወጣው፣ ሲበርድ ድንጋይ የሚሆነው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ጣቴ ስቶ ቢሆን ባልከፋኝ። እኔ ግን አስቤበት ነው ያረምኩት፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» የቤንች ልጅ ስሕተት መስላኝ። ተማሪዎቹም «እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚወጣው ቅልጥ አለ ወዴት ይፈሳል?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ኢሳይያስ ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጮክ ብሎ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ማሣቅ ይወድ ነበር፣ ሣቁለት። «ማናልሞሽም ቅልጥ አለች» ብሎ የጨመረበት ዳይሬክተራችን ዓባይነህ ነው። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በግቢው ባለፍኩ ቁጥር አንድ የማላየው ተማሪ ከኋላዬ «ቅልጥ አለ» ይል ነበር።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ ከመንዝ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሚዛን ነው። ቤታችን ውስጥ ቃል የሳተ ልጅ ምሳ ላይ ይቀለድበታል፤ በአባቴ ዘንድ ሌብነትና የሰዋስው ስሕተት እኩል ነበሩ። ስለዚህ አማርኛ የኔ ንብረት ይመስለኝ ነበር። የቤንቹ፣ የሸኮው፣ የከፋው ልጅ ሲናገረው፣ ዕቃችንን እንደተዋሰ ጎረቤት አድርጌ እጁን እጁን አይ ነበር፤ እንዳይሰብረው። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ያኔ አላፍርም ነበር።

ዕቅዱ የጂኦግራፊ ክበብ የእግር ጉዞ ነበር። ኢሳይያስ በጥር ወር የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ዐሥራ አራት ተማሪዎች ይዞ ሊወጣ ነው። የዚያን ዘመን ስድስተኛ ክፍል ጢም ያወጣ ተማሪ ሞልቶታል፤ ሕፃናት አልነበሩም። የመጀመሪያው ጉዞ የጋጨብን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ሸኮ፤ ሁለተኛው ከሸኮ በደኑ ውስጥ እስከ ቴፒ፤ ሦስተኛው አናቱ ጎድጎድ ወዳለ አንድ ኮረብታ ነው። ያ ኮረብታ በአገሩ ቋንቋ ስም አለው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ድስት ማለት ነው ብሎኛል። ኢሳይያስ ልጅ ሆኖ እዚያ ከብት ሲፈልግ ጥቁር፣ ቀላል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ አግኝቶ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ሲማር ነው ያ ድስት ጥንት እሳተ ገሞራ እንደነበር የጠረጠረው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሕልም አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ተማሪዎቹን ኮረብታው አፍ ላይ አቁሞ «የቆማችሁት እሳት ላይ ነበር» ማለት ነው የሚፈልገው።

ዕቅድ ማውጣት ያውቅበታል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አልጻፈም፤ በደን ውስጥ ኪሎ ሜትር ውሸት ነው ይላል። ማርና ቡና የሚሸከሙትን ሰዎች እየዞረ ጠይቆ፣ በሸክም ማውረጃ ነው የለካው። ሸክም ማውረጃ ማለት ተሸካሚው ጀርባውን አስደግፎ የሚያርፍበት የታወቀ ግንድ ወይም ድንጋይ ነው። ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ሰፈር ዐሥራ አንድ ሸክም ማውረጃ፣ ዝናብ ከጣለ አራት ጨምር። ወንዝ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ይሻገሩታል፤ ከሰዓት በኋላ ላይኛው አገር የዘነበው ይደርሳልና። ለአልቅት ጨው። ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ በአንገት ይታሠራል። ለሁለት ሰው አንድ ገጀራ። እኔ በሠላሳ ዓመቴ፣ ከከተማው ጫፍ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለውን ደን ረግጬው አላውቅም ነበር፤ የመጀመሪያውን ገጽ ስጽፍ ግን ጣቶቼ መንገዱን የለመዱት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

የዕቅዱ ርእስ እንዲህ ይላል፤ «የክበቡ አባላት ጫካ የሚገቡበት ዕቅድ»።

አየሁት። በዚህ አገር ቡናው የሚለቀመው ከጫካ ነው፤ ማሩም፣ ኮረሪማውም፣ ጥምዙም ከዚያው ነው። ኅዳር ላይ አንዱን ቤንች ወንድምህ የት ነው ብትሉት «ጫካ ገብቷል» ይላችኋል፤ ቡናው ጋ ሄዷል ማለቱ ነው። ለኢሳይያስ ቃሉ ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም፤ እናቱም አባቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ሲገቡ ነው የኖሩት። በሬዲዮውና በስብሰባው ግን በዚያ ዓመት ጫካ ገባ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንግሥትን ሊወጋ ሸፈተ ማለት ነው። እኔ የሁለቱም አገር ሰው ስለሆንኩ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ከርእሱ ቀጥሎ ያለውም አያምርም። «በአምስተኛው ቀን እሳቱ የተነሣበት ቦታ እንደርሳለን» ይላል። «እሳቱ የተኛ እንጂ የሞተ አለመሆኑን፣ ዳግም ሊነሣ እንደሚችልም አባላቱ ይማራሉ» ይላል። ጎሽ እንዳያስደነግጣቸውና ጉሬዛ እንዳይሸሻቸው፣ «መንገድ መሪው እጁን ሲያነሣ ሁሉም ዝም ብሎ ይተኛል» ይላል። መጨረሻው ላይ የዐሥራ አራት ልጆች ስም ተዘርዝሯል።

ርእሱን «ደን የሚጎበኙበት» ብለው ያልቅ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ጣቴ «ጫ» ላይ ቆመ። ከዚያ በሩ ላይ ሻይ ይዤ የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ከከተማ ለሚወጣ ሁሉ የይለፍ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ይህን ሲያነቡ በሣቅ ይወድቃሉ፣ ወሬው ተመልሶ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይገባል፣ ያኔ ማን ቅልጥ እንደሚል እናያለን አልኩ። እስር አልታየኝም። የታየኝ ሣቅ ነው። አንድ ፊደል ሳልነካ በሦስት ቅጂ ጻፍኩት። ዓባይነህ ሳያነብ ፈረመበት፤ አንደኛው ቅጂ ወደ ፈቃድ ሰጪዎቹ ሄደ።

ማንም አልሣቀም። ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ኢሳይያስን ከክፍል ወሰዱት። ጠመኔው እጁ ላይ ነበር፤ በመስኮት አየሁት፣ የት እንደሚጥለው ግራ ገብቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቤቱን ሲፈትሹ ስምንት ገጀራ፣ ሁለት ጥቅል ገመድ፣ ጨው፣ ክብሪትና ምልክት የተደረገበት ካርታ አገኙ። ገጀራ የሌለው ቤት በዚህ አገር የለም፤ ስምንት አንድ ላይ ግን ለገበሬም ይበዛል። ከዝርዝሩ ውስጥ የነበሩ ሁለት ልጆችን አባቶቻቸው በዚያው ቀን ማሻ ዘመድ ቤት አሸሿቸው፤ ይህም ነገሩን አባሰው።

ጉዳዩን የያዘው ካሣዬ የሚባል ካድሬ ነበር። ከወሎ መጥቶ አራት ወሩ ነው፤ ቀጭን፣ ዝናብ የማይስማማው፣ ሁልጊዜ የሚያስል ሰው። ለእሱ ጫካ ጠላት የሚገባበት ቦታ እንጂ ቡና የሚበቅልበት አልነበረም። ኢሳይያስን ከተማው ዳር ባለ ባዶ የቡና መጋዘን አሳሰረው። ዓባይነህን ጠርቶ ፊርማውን ሲያሳየው፣ ዓባይነህ ለፊርማ የቀረበውን እንጂ የተጻፈውን አላውቅም አለ። እውነቱን ነው፤ በሕይወቱ ያነበበው ወረቀት የደመወዝ ብቻ ነበር።

እኔን የጠራኝ የለም። በየቀኑ እየገባሁ እጽፋለሁ። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ቶሎ ይወጣል። ከሰው ሁሉ የምፈራው የኢሳይያስን ባለቤት አማረችን ነበር፤ እሷ ደግሞ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ቤቴ መጣች።

አማረች ከሚዛን አቅራቢያ፣ ሸዋ ቤንች በሚባል ቦታ የተወለደች፣ የመካነ ኢየሱስ ምእመን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አልቀመጥም አለች። በየቀኑ ጎደሬ ቀቅላ በሳህን ለዘበኞቹ እንደምትሰጥ፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት በሕይወት እንዳለ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ሳህኑ ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ጾም ይዞ እንደሆነ ተስፋ አድርጋለች፤ ዘበኞቹን ብትጠይቅ አይመልሱላትም። ዓርብ ወደ ጅማ ይወስዱታል ተብሏል። በዚያ ዓመት በእንዲህ ያለ ክስ ወደ ጅማ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር፣ ስለ ጅማ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

«እትዬ ማናልሞሽ» አለችኝ፤ «ነገ ቃሉን ሊቀበሉት ነው። እኛ ብንናገር ቋንቋውን አታውቁም ይሉናል። እርስዎን ግን ያምኑዎታል።»

እኔ የማምነውን ያህል እሷም አማርኛ የኔ መሆኑን አምና ነው የመጣችው። እሺ አልኳት። ስትወጣ ጫማዋ ደጃፌ ላይ የተወውን ጭቃ ሳልጠርገው ብዙ ቆየሁ።

ማግሥቱን ጠዋት የኢሳይያስን የእጅ ጽሑፍ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ያሰብኩት ውሸት ቀላል ነው። እሱ «ደን» ብሎ ጽፎ ነበር፣ እኔ ነኝ በስሕተት «ጫካ» ያልኩት ልል ነው። ለምን እውነቱን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ተሳሳትኩ ማለት ከብዶኝ የኖረ ቃል ቢሆንም፣ ተንኮል ሠራሁ ከማለት ይቀላል። ሰው ከሁለት ውርደት ትንሿን ይመርጣል።

ቃል የሚቀበሉት በቀበሌው አዳራሽ ነው። ካሣዬ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ዓባይነህ አንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፤ በሩ ላይ አለሙ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ወጣት ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ኢሳይያስን አመጡት። ጢሙ አድጎ፣ ልብሱ ላይ የቡና ገለባ ተጣብቆበት፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ግን በእግሩ ቆሟል። ሲያየኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ተነሥቼ የተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ። ካሣዬ ረቂቁ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከተጻፈ በኋላ ይቃጠላል አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ ዐየና ኢሳይያስን፣ ይህች ሴት የምትለው እውነት መሆኑን ጠየቀው። አዎ ቢል ያበቃ ነበር። በዐይኔ ለመንኩት።

«እውነት አይደለም ጓድ» አለ ኢሳይያስ። «ጫካ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለምን ክፉ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን እኔ ነኝ። እሷ አንድ ቃል አልቀየረችም። ማናልሞሽ የምትጽፈውን የምታውቅ ሰው ናት፤ እንደሷ አማርኛ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም። በኔ ምክንያት ስሟ አይጥፋ።»

ከዚያ የሣቅ ቀን ጀምሮ የምመኘው ይህን ነበር። በሰው ፊት፣ ዓባይነህ እየሰማ፣ ከራሱ ከኢሳይያስ አፍ። የመጣልኝ እሱን ሊገድለው በሚችልበት ሰዓት ነው። አፈርኩ ማለት አይበቃም፤ የለበስኩት ልብስ ሁሉ ከላዬ የተገፈፈ መሰለኝ።

ካሣዬ ለዘበኛው ምልክት ሊሰጥ እጁን ሲያነሣ እንደገና ተነሣሁ። ቅድም የተናገርኩት ውሸት ነው አልኩ። በዚህ አገር ጫካ ገባ ማለት ቡና ለቀማ ሄደ ማለት መሆኑን፣ እኔ እዚህ ተወልጄ ይህን እንደማውቅ፣ እሱ ደግሞ ሲያነበው ምን እንደሚሰማ አውቅ እንደነበር ነገርኩት። ኢሳይያስ አላወቀም፣ እኔ ግን አውቄ ተውኩት አልኩ።

«ለምን?» አለ ካሣዬ።

«ስለ ሣቁብኝ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ እንዳስረዳ አዘዘኝ። የፈተናውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ «ቅልጥ አለ» የሚለውንም በገዛ አፌ አልኩት። ካሣዬ ዓባይነህን እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ዓባይነህ መሬት መሬት እያየ እውነት ነው አለ። ኢሳይያስን አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም።

ካሣዬን ሳል ያዘው። ከዚያ ድንገት ወደ በሩ ዞረ።

«አለሙ፣ አባትህ አሁን የት ነው ያለው?»

«ጫካ ገብቷል፣ ጓድ» አለ አለሙ፣ ቀጥ እንዳለ። የተናገረውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ጠመንጃውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ቡና... ቡና ሊለቅም ነው ጓድ። እናቴም አብራው ናት።»

ዓባይነህ ሣቀ። ካሣዬ ግን አልሣቀም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ሰው ራሱን ለማዳን ይዋሻል፤ ራሱን እንዲህ ለማዋረድ የሚዋሽ አላየሁም» አለ። ኢሳይያስ በዚያው ሰዓት ተለቀቀ። ገጀራውና ካርታው አልተመለሱለትም፤ በዚያ ዓመትም እሱም ሆነ ተማሪዎቹ ከከተማው እንዳይወጡ ተከለከሉ። እኔ ግለ ሂሴን ጽፌ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ እንዳነብ፣ ከዚያም ለአምስት ሳምንት ቴፒ በኩል ወዳለ የመንግሥት እርሻ ለመጨረሻው የቡና ለቀማ እንድዘምት ተወሰነብኝ። ግለ ሂሱን በሦስት ቅጂ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴቶች እያዘኑልኝም እየተሣሣቁብኝም አዳመጡኝ። ይገባኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ እኔም ጫካ ገባሁ።

እርሻው ከተመነጠረው ውጭ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅልበት ሰፊ ቦታ ነበረው፤ እኛ ዘማቾች የተላክነው ወደዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አለቀስኩ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከሥር እስክትደርስ ረፋድ ይሆናል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቅጠሉ ግማሽ ሰዓት ለብቻው ይዘንባል። አልቅት ጫማዬ ውስጥ ገባ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ በኪሴ ጨው ያዝኩ። ክብሪቴን በላስቲክ ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አሠርኩት። ከሰዓት በኋላ ወንዝ ልንሻገር ስንል እንቢ አልኩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘማቾች ሲሣቁብኝ የአገሩ ሴቶች ግን ከኔ ጋር ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ግንድ እየገፋ መጣ። ማን አስተማረሽ አሉኝ። መምህር ኢሳይያስ አልኩ። ከለቀማው ቦታ እስከ መኪናው መንገድ ጆንያ አዝለን ስንሄድ ሸክም ማውረጃዎቹን ቆጠርኩ፤ ደረቅ ቀን ሰባት ነበሩ፣ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ መሬቱ ስለሚያንሸራትት በሁለት ግንዶች ተጨማሪ ማረፍ ነበረብን። ዕቅዱ በሁሉም ነገር ትክክል ነበር። በውስጡ አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ዛፉ ሳሳ ካለበት ከፍታ ላይ አንዲት አሮጊት በጣቷ ሩቅ ያለ ኮረብታ አሳየችኝ። አናቱ ጎድጎድ ብሎ ጉም ሞልቶበታል። ከእግሬ ሥር አፈሩ ቀይ ሆኖ በመካከሉ ጥቁር ጠጠር አለበት፤ አንዱን አንሥቼ በጥፍሬ ነካሁት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከእሳት የወጣ ይሁን አይሁን እኔ ምን አውቄ። እንደ ልጅ ግን ደስ አለኝ፤ ለኢሳይያስ ልነግረው ቸኮልኩ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ሸክም ማውረጃው ሁሉ ልነግረው። ይቅርታ የምጠይቅበትንም ቃል በየሌሊቱ ሳይሆን በየጆንያው እያሰብኩ ሠርቼ ነበር፤ አምስት ጊዜ አርሜዋለሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ ተመልሼ ሥራ የገባሁ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገናኘን። ጢሙን ተላጭቶ፣ ትንሽ ወፍሮ ነበር። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ባርኔጣውን አነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ማናልሞሽ?»

እንደምን አደሩ። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንቺ ነበርኩ፤ ሣቆብኝም አንቺ ነበርኩ፣ ከገለባ ውስጥ ወጥቶ ሲመሰክርልኝም «ናት» ነበር ያለኝ። ያረምኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና አለፍኩ። ይቅርታውን በሌላ ቀን ጠየቅሁት። በጥሞና ሰማኝ፣ ይቅር እንዳለኝ ነገረኝ፣ ይህንንም ከልቡ ነው ያለው፤ የማይዋሽ ሰው መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አግኝቶ ተማሪዎቹን ወደ ድስት ይዞ ወጣ። ዕቅዱን የጻፈው በእጁ ነው። ማረፊያ ክፍል ስገባ ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል፤ ሰው ሲያማኝ ዝም ያሰኛል፤ ከኔ ጋር ግን ቀልዶ አያውቅም።

ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንድ ጠዋት በኮሪደሩ ብቻችንን ስንገናኝ፣ አልቻልኩም። በዕድሜም በሥራም እኩያ ነን፣ እባክህ እንደ ድሮው አንቺ በለኝ ብዬ ለመንኩት።

ቆም ብሎ አሰበበት። ሊያስከፋኝ እንዳልፈለገ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ሞክሬ ነበር፣ ወይዘሪት ማናልሞሽ» አለኝ። «አማርኛው አልፈቅድልህ አለኝ።»

ከዚያ ደወሉ ተደወለና ጠመኔውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።